ገና ስንዝር ሳትሞላ ያበበች ቲማቲም

ገና ትንሽ የሆነች የቲማቲም ችግኝ ስታብብ አበባው ይቀንጠስ ወይስ ይተው? ጥያቄው በየዓመቱ የካቲትና መጋቢት ላይ አይቀርም። ችግኟ ገና ስንዝር ብትሆን ነው። ግን አናቷ ላይ ቢጫ አበባ ጣል አድርጋለች። ግማሹ ሰው በደስታ ፎቶ አንስቶ ለዘመድ ይልካል። ግማሹ ደግሞ የሆነ ቪዲዮ አይቶ ይመጣና «ቶሎ ቀንጥሺው፣ አለበለዚያ ሥር አትሰድም» ይላል። እኛ ብሎክ ላይ ከውሃ ፈረቃ ቀጥሎ ሰው የሚከራከርበት ርዕስ ይሄ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አቋሜን ቀድሜ ልናገርና ሌላውን ቀስ ብዬ ላስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ የካቲት ላይ ለምትተከል አጭር ዝርያ ቲማቲም፣ የመጀመሪያውን አበባ አልነካም። የምቀነጥስበት ጊዜ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቴም ከሥሩ ይልቅ ከክረምቱ ጋር የተያያዘ ነው።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። «እርሻዬ» ሁለት ሰው ቆሞ ቡና የማይጠጣባት በረንዳ ናት። የቀለም ባልዲ፣ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ አንድ የተሰነጠቀ ሳፋ፤ በቃ። ሁሉም ታቹ ተበስቷል። አፈር፣ ፍግና ትንሽ አሸዋ ቀላቅዬ ነው የምሞላቸው። አሳንሰር የለንም። አፈር በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ ቲማቲም ላይም ቢሆን ምን ወጣ፣ ምን ገባ ማለት አይለቀኝም።

ያደግኩት መቂ ነው። ከቲማቲም ጋር የተዋወቅኩት በጌጥነት ሳይሆን በሳጥን ነው። ሳጥን ማለቴ አትክልት ተራ የምታዩትን የእንጨት ሳጥን ነው። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ የለቀማ ቀን ከሆነ ቤት የሚቀመጥ አልነበረም። አጎቴ እስከ ዛሬ ከዝዋይ ሐይቅ በናፍጣ ሞተር በሚሳብ ውሃ ያለማሉ። ደንበል እያለ የሚጠራውም አለ፤ ሐይቁ ያው ነው። ታዲያ የበረንዳዬ ችግኞች ገና በለጋነታቸው ሲያብቡ መጀመሪያ የደወልኩት ለእሳቸው ነው።

«ጋሼ፣ ችግኝ ገና ትንሽ ሆኖ ካበበ አበባውን ትቀነጥሱታላችሁ?»

«ምኑን?»

«አበባውን።»

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ናፍጣ የምናቃጥለው አበባ ለመጣል ነው እንዴ?»

ጋሼ ትክክል ናቸው፤ ለራሳቸው ማሳ። መቂ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ትንሽ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ቀኑ ሞቃት ነው፤ ሌሊቱም እንደኛ አያንቀጠቅጥም። የተክሉ ሥር ወደፈለገበት ይሄዳል፤ የሚያግደው ባልዲ የለም። እዚያ የተተከለ ችግኝ አንዴ ሥር ከያዘ በኋላ አበባና ቅጠል አብሮ ማሳደግ አይከብደውም። ደግሞ ማን ነው አንድ ሄክታር ሙሉ ጎንበስ ብሎ አበባ ሲቀነጥስ የሚውለው? የቀን ሠራተኛ ክፍያው አለ። ከሁሉም በላይ ግን ዋጋው አለ። ቲማቲም ገበያ ላይ ቀድሞ የደረሰ ይሸጣል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲለቅም ደላላው ስልክ አያነሳም። የመጀመሪያውን ዘለላ መጣል ማለት የመጀመሪያውን ገበያ መጣል ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ አላብራሩልኝም። «ናፍጣ» ብለው ጨረሱት።

ችግሩ የእኔ በረንዳ መቂ አይደለም። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ «ገበሬ አይቀነጥስም» የሚለው ብቻውን አላረካኝም። «ቪዲዮው ላይ ቀንጥሱ ይላል» የሚለውም አላረካኝም፤ ቪዲዮው የተቀረጸበት አገር በረዶ የሚጥልበት፣ ተክሉም በሐምሌ ፀሐይ የሚጠግብበት ነው። እኛ ሐምሌ ላይ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ።

እስቲ መጀመሪያ ወደ ተክሏ እንምጣ።

«አበባው ጉልበት ይበላል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። አበባዋ ራሷ ያን ያህል አትበላም። ጥቂት ቀን ተከፍታ ትጠወልጋለች፤ ወጪዋ ትንሽ ነው። የሚበላው ፍሬው ነው። ፍሬ ይዞ ማበጥ ከጀመረ ቅጠሉ የሚያዘጋጀው ስኳር አብዛኛው ወደ እሱ ይነዳል። ያኔ ሥሩም አዲስ ቅጠሉም ተራ ጠባቂ ይሆናሉ። ትልቅ ተክል ላይ ይህ አይታይም፤ ቅጠሉ ስለሚበቃ ለሁሉም ይደርሳል። አምስት ስድስት ቅጠል ብቻ ያላት ችግኝ ላይ ግን ይታያል። ፍሬ ተሸክማ ቀጥ ትላለች፤ ለሳምንታት ቁመት አትጨምርም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል፦ አበባ እንዳየን መደንገጥ አያስፈልግም። አበባው ተከፍቶ ፍሬው አተር እስኪያክል ድረስ ማሰቢያ ጊዜ አለን። እኔ በዚያ ጊዜ አበባውን ሳይሆን አናቷን ነው የማየው። አዲስ ቅጠል እያወጣች ነው? ከሳምንት በፊት ከነበረችበት ከፍ ብላለች? ግንዷ ወፈር እያለ ነው? መልሱ አዎ ከሆነ ሥሯም እየሠራ ነው ማለት ነው። ያቺን ተክል ለምን እነካታለሁ?

ሌላም አለ። የመጀመሪያው የአበባ ዘለላ የሚፈጠረው እኛ ባየነው ቀን አይደለም። ችግኟ መደብ ላይ ሳለች፣ ገና ጥቂት ቅጠል ስታወጣ፣ እንቡጡ ለዓይን ሳይታይ አናቷ ውስጥ ተሠርቷል። ደግሞ ቀዝቀዝ ባለ አየር ያደገች ችግኝ ከአበባዋ በታች የምታወጣው ቅጠል ያንሳል። ማለትም ዝቅ ብላ ታብባለች። ጥር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የበቀለች ችግኝ በአጭሩ ብታብብ በሽታ የለባትም። ብርዱ የሠራው ነው።

ሥሯ ስለጠበባት የምታብብ ግን አለች። ይቺ ሌላ ጉዳይ ናት። በትንሽ ፕላስቲክ ኩባያ ወይም በጣሳ ከሚገባት ጊዜ በላይ የቆየች፣ ታቹ ሲታይ ሥሯ ነጭ ሆኖ የተጠመጠመ፣ የታችኞቹ ቅጠሎቿ ቢጫ የጀመሩ። ችግኝ ሻጭ ጋ ስትሄዱ «ይሄ እኮ አበባ ይዟል፣ ቶሎ ይደርስልሻል» ተብላ በውድ የምትሸጠው እሷ ናት። አትግዟት ባይ ነኝ። አጠገቧ ያለችው፣ አበባ የሌላት፣ አጠር ብላ ግንዷ የወፈረው ትሻላለች። አበባ የያዘችውን ገዝታችሁ ቤት ከገባችሁ ግን ቀንጥሷት፤ ፍሬ ከያዘችማ ፍሬውንም ጭምር። ጥምጥሙን ሥር በጣታችሁ ፈታ አድርጉት። ከዚያ የታችኞቹን ቅጠሎች አንስታችሁ ግንዷን ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሏት። ቲማቲም ከግንዷም ሥር ታወጣለች፤ አፈር የነካው ክፍል ሁሉ ሥር ያወጣል። ለእኔ ይህ ጠለቅ አድርጎ መትከል ከቅንጠሳው ይልቅ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

አሁን ወደ ዝርያው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ሳይጠያየቅ የሚከራከረው። አንዱ ስለ ሮማ ያወራል፣ ሌላው ስለ ቼሪ ቲማቲም፤ ሁለቱም «ቲማቲም» ይላሉ።

ሮማ ቪኤፍ የሚባለው፣ ብዙዎቻችን ከዘር መሸጫ በፓኬት የምንገዛው፣ አጭር ዝርያ ነው። ቁጥቋጦ ሆኖ ያድግና አናቱ በአበባ ይዘጋል። ከዚያ በላይ አይሄድም። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት ውስጥም አጠር ብለው የሚያድጉ አሉ፤ መልካሳልሳ አንዱ ነው። እነዚህ ላይ የአበባው ዘለላ የተወሰነ ነው። ፍሬያቸውንም ተቀራርቦ ነው የሚያደርሱት። ከእነሱ ላይ የመጀመሪያውን ዘለላ መቅነጠስ ደሞዝ ሳይገባ ቀድሞ እንደ መቁረጥ ነው፤ በኋላ የሚተካው ትርፍ ሰዓት የለም። አዎ፣ ተክሏ ከጎን ቅርንጫፍ አውጥታ ጥቂት ታካክስ ይሆናል። ግን ጊዜ ትወስዳለች።

ረጅሙ ዝርያ ሌላ ነው። አናቱ አይዘጋም። ጥቂት ቅጠል፣ አንድ ዘለላ፣ ደግሞ ጥቂት ቅጠል፣ ደግሞ ዘለላ፤ ገመድ ካሰራችሁለት ብርድና በሽታ እስኪያስቆመው ይወጣል። ቼሪ የሚባሉት ትንንሾቹ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ከዚያ ላይ የመጀመሪያውን ዘለላ ብታነሱ ከብዙ አንዱን ነው። ጉዳቱ ያን ያህል አይታይም።

የብሎካችን ትልቋ ቀንጣሽ ምድር ላይ የሚኖሩት እትዬ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አጥር ጥግ የያዙት መሬት አለቻቸው፤ የከተማ ግብርና የሚባለው ነገር ሰፈር ሰፈሩን ሲያዳርስ ቀድመው የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ስወርድ፣ ለመሬታቸው ጥግ የሰጠኋቸውን የሮማ ችግኝ አበባ በጥፍራቸው ቀጭ ቀጭ ሲያደርጉ ደረስኩ።

«እትዬ፣ ምነው?»

«ልጄ፣ አትዘኝለት። ሕፃን ይወልዳል እንዴ? መጀመሪያ ይደግ።»

መምህርት ናቸው፤ ክርክሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጉት። ግን እትዬ ይህን ልማድ ያመጡት ከቼሪያቸው ነው። ዘሩን ልጃቸው ከውጭ ስትመጣ ይዛላቸው የመጣችው ነው። ላስቲክ ጣሪያ ሠርተውለታል። በገመድ ወደ ላይ ወጥቶ መስኮታቸውን ሊጋርድ ምንም አልቀረው። ክረምቱንም በዚያ ጣሪያ ሥር አልፎ መስከረም ላይ ፍሬ ይሰጣል። ለዚያ ተክል ቅንጠሳቸው ምንም አልጎዳውም፤ ምናልባት ጠቅሞትም ይሆናል። ሮማው ላይ ነው ነገሩ የተለየው።

እኔም ዝም ብዬ አላወራሁም። ከአንድ መደብ የወጡ ሁለት የሮማ ችግኞች በእኩል ባልዲ፣ በአንድ ዓይነት አፈር ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። የአንዷን የመጀመሪያ ዘለላዎች ቀነጠስኩ፤ ሌላዋን ተውኳት። ሁለት ባልዲ ምርምር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። የተቀነጠሰችው በእርግጥ አማረች። ግንዷ ወፈረ፣ ቅጠሏ ሰፋ፣ የመጣ ሰው ሁሉ «ይቺኛዋ ጎበዝ ናት» አላት። ያልተነካችዋ ሳሳ ብላ፣ ወደ ጎን ዘንበል ብላ ቆየች። ግንቦት ላይ ግን ለምሳ ፍትፍት ፍሬ የቀጠፍኩት ከሳሳችዋ ነበር። ያማረችው ገና አረንጓዴ ይዛ ነበር። የእሷ ሲቀላ ሰኔ ገብቶ፣ ዝናቡ በነፋስ ተገፍቶ በረንዳዬ ድረስ እየመጣ፣ ቅጠሏ ላይ ያ የታወቀ ጥቁር ቡናማ ነገር ጀምሮ ነበር።

የክረምት ነገር ያልኩት ይሄንን ነው። የአዲስ አበባን የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱት። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሌሊቱ ቅዝቃዜ በአማካይ ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ቲማቲም ደግሞ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ዱቄት በደንብ አይሠራም። አበባ ይኖራል፤ ፍሬ አይይዝም። ከዚያ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ይመጣሉ፤ ሞቅ ያሉት ወራት እነሱ ናቸው። ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ዝናብ፣ ደመና፣ እርጥብ ቅጠል። ድንችንም ቲማቲምንም የሚያጠቃው በሽታ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይወዳል፤ ከገባ በጥቂት ቀናት ተክሉን የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ያስመስለዋል። ሰው «ምች መታው» ይላል።

ስለዚህ ያለችን መስኮት ጠባብ ናት። ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ፣ በእኛ አየር፣ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። መጋቢት አጋማሽ ላይ ያበበ ግንቦት አጋማሽ ላይ ይቀላል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ያበበ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፤ ማለትም ዝናቡ ውስጥ። የመጀመሪያው ዘለላ ከክረምቱ የሚያመልጠው ዘለላ ነው። እሱን ቀንጥሶ ተክሏን ማወፈር፣ የወፈረችውን ተክል ለሐምሌ ማስረከብ ነው። ጣሪያ ወይም ላስቲክ ቤት ያለው ሰው ይህን ስሌት መርሳት ይችላል። እኔና መሰሎቼ አንችልም።

መስከረም ላይ የሚተክሉም አሉ፤ ጭቃው ሳይደርቅ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ። እነሱ ጋ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይቀራል። ኅዳር ላይ ያበበውን ብርዱ ራሱ ይቀነጥስላቸዋል። የአበባዋን ቀጭን ዘንግ ልብ ብላችሁ እዩት፤ መሃሏ ላይ ትንሽ መገጣጠሚያ አለች። ተክሏ አበባውን ልትጥለው ስትወስን መጀመሪያ እዚያ ጋ ቢጫ ትሆናለች። በማግስቱ በጣት ነካ ስታደርጉት ይወድቃል። ሰው ይህን ሲያይ «ውሃ አነሰው» ብሎ ያጠጣል፣ ከዚያ «ማዳበሪያ አነሰው» ብሎ ዩሪያ ይጨምራል። ዩሪያው ደግሞ ቅጠል በቅጠል ያደርጋታል። የሚያስፈልጋት ሞቅ ያለ ሌሊት ነበር። ባልዲ ላይ ያለችን ተክል ከሰዓት ፀሐይ ወደሚመታው ግድግዳ ማስጠጋት ይረዳል፤ ኮንክሪት ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። የእኔ ባልዲዎች ኅዳር ላይ ሁሉም ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚያድሩት።

ሳላመነታ የምቀነጥሰው አንድ አበባ ግን አለ። አንዳንዴ የመጀመሪያው ዘለላ ላይ ወፍራም፣ ሰፊ፣ ቅጠሉ የበዛ አበባ ይወጣል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ሁለት ሦስት አበባ በአንድ የተጣበቀ ነው። እንቡጡ ሲሠራ ብርድ የነካው ተክል ላይ ይበዛል፤ ትልልቅ ፍሬ የሚሰጡት ዝርያዎች ላይም እንዲሁ። ከእሱ የሚወጣው ፍሬ የተጨማደደ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ታቹ በጠባሳ የተሞላ ነው። ቦታና ስኳር ይዞ ይቆያል፤ ሲደርስ ግማሹ ለቆሻሻ ይሄዳል። እሱን እጥላለሁ። ሌሎቹ የዚያው ዘለላ አበቦች ይቀራሉ።

ተክለን ገና ሳምንት ያልሞላት፣ ቀን ቀን የምትጠወልግ ችግኝም አለች። እዚያች ላይ አበባ ካለ አነሳለሁ። ጭቅጭቅ አያስፈልገውም፤ መቆም ያልቻለች ችግኝ ፍሬ አትይዝም። ቀና ካለች በኋላ ግን የሚመጣውን እንቡጥ እተወዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ለአበባው የሚጨነቀውን ያህል ለሌላው ቢጨነቅ ደስ ይለኝ ነበር። ለምሳሌ ረጅሙ ዝርያ ላይ በቅጠሉና በግንዱ መካከል፣ ብብቱ ውስጥ የሚወጣው ቅርንጫፍ። ጉልበት የሚወስደው እሱ ነው። ትንሽ ሳለ በጣት ጠምዘዝ አድርጎ ማንሳት ነው። አጭሩ ዝርያ ላይ ግን አትንኩት፤ ፍሬ የሚሰጠው እዚያም ላይ ነው። ሮማውን እንደ ቼሪ ገፍፎ አንድ ግንድ ብቻ አስቀርቶ «ፍሬ አልሰጠኝም» የሚል ሰው ብሎካችን ውስጥ አይጠፋም። ስም አልጠራም።

ውሃም አለ። በባልዲ የተተከለች ቲማቲም አንድ ቀን ደርቃ አንድ ቀን ስትጥለቀለቅ የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ታቻቸው ይጠቁራል። ካልሲየም ፍሬው ጋ የሚደርሰው በውሃው ነው፤ ውሃው ሲቆራረጥ እሱም ይቆራረጣል። አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ቢኖርም እንኳ። እኛ ብሎክ ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አንድ ጀሪካን ለቲማቲሞቹ ብቻ ተመድባለች። ቤተሰቤ በዚህ ይስቅብኛል። ይሳቁ።

አበባው ፍሬ እንዲይዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ እኩለ ቀን አካባቢ ካስማውን በጣት መታ መታ አድርጉት። የቲማቲም አበባ ራሱን በራሱ ያዳብራል፤ ግን ዱቄቱ እንዲራገፍ መንቀጥቀጥ አለበት። የማር ንብ እዚህ ሥራ ላይ ብዙም አትረዳም። እንጨት የምትበሳው ያቺ ትልቅ ጥቁር ንብ ግን አበባውን አቅፋ ስትንዘረዘር ዱቄቱ ይረግፋል። አራተኛ ፎቅ ድረስ እምብዛም አትመጣም፤ እትዬ ጋ ግን ጠዋት ጠዋት አትጠፋም። ለእኔ ነፋሱና ጣቴ ይበቁኛል።

እትዬ ዘንድሮ የሮማ ችግኝ ከእኔ ሲወስዱ አንድ ስምምነት አደረግን። እሳቸው ቼሪያቸውን እንደልባቸው ይቀነጥሳሉ፤ ሮማው ግን ሳይነካ እስከ ግንቦት ይቆያል። «እሺ፣ ግን ፍሬ ካልያዘ አንቺ ነሽ የምትጠየቂው» አሉኝ። ተስማማሁ።

ቃሪያ ላይ ግን እትዬና እኔ አንጣላም። ቃሪያ ገና ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ሳታወጣ መንታ መሆኛዋ ላይ የምትይዛትን የመጀመሪያዋን አበባ እኔም አነሳታለሁ። ቃሪያ ከቲማቲም ይልቅ ዝግ ብላ ነው የምታድገው። ያቺን አንዷን ፍሬ ከተሸከመች ሌላው እድገት በጣም ይዘገያል። ካነሳሁላት በኋላ ትሰፋለች፣ ከየቅርንጫፏ ታብባለች። ክረምቱንም በረንዳ ላይ ከቲማቲም በተሻለ ትችለዋለች፤ ስለዚህ የምቸኩልበት ግንቦት የለባትም።